ግልባጭ ያልጻፍኩበት አቤቱታ

ይህን የምጽፈው ሠላሳ አንዱም ስሞች በእኔ እጅ የተጻፉ ስለሆኑ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ማንም አስገድዶ አላስጻፈኝም። በንጹሕ ወረቀት ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ ተራ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኳቸው። ያ ወረቀት ወዴት እንደሄደና ምን አስከትሎ እንደመጣ በአገራችን ሲነገር እሰማለሁ፤ በየአፉ አንድ ነገር ይጨመርበታል፣ አንድ ነገር ይጎድልበታል። የጻፈው ሰው በሕይወት እያለ ነገሩ ሊዛባ አይገባም።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። መካነ ሰላም፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንዲት ጠረጴዛና ሁለት ወንበሮች አሉኝ፤ አንደኛው የእኔ፣ ሁለተኛው የባለጉዳይ። ድንበር የተገፋበት ገበሬ፣ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት፣ ውርስ የተካፈሉና ያልተስማሙ ወንድማማቾች በዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እነርሱ ያለቅሳሉ ወይም ይራገማሉ፤ እኔ ልቅሶውንም እርግማኑንም «በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ» ወደሚል ቋንቋ እመልሰዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ባጣሁ ጊዜ የያዝኩት ሙያ ነው፤ አላፍርበትም። ባለጉዳይ በሌለ ሰዓት አነባለሁ፤ ያነበብኩት ከጻፍኩት ይበልጣል።

የዚህ ሙያ ቁልፍ ያለው ከደብዳቤው ግርጌ ነው። ለአንድ ሹም ብቻ የተጻፈ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ የበላዩ መሥሪያ ቤት ሲጠቀስ ግን ሹሙ ይነቃል፤ ሌላ ዐይን እንዳየው ያውቃልና። ግልባጭ ማለት ምስክር ማለት ነው። ለባለጉዳዮቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ግልባጭ ሳልጽፍበት ከእጄ የወጣ አቤቱታ አንድ ብቻ ነው።

አቤቱታው የተላከላትን አገር በስሟ አልጠራትም። ስሟን ብጠራ አንባቢው ስለ እርሷ አስቀድሞ የያዘውን ፍቅር ወይም ጥላቻ ይዞ ይመጣብኛል፤ እኔ የምፈልገው የሆነውን ብቻ እንዲያይልኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ገና ሰላም ሳለ፣ የኤምባሲዋ ሰዎች ወደ ከተማችን መጥተው ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ ጥግ አበረከቱ። ሁለት መደርደሪያ መጻሕፍት፣ አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይም ነጻነት የትም ቢነካ ጉዳዩ የእነርሱ ጭምር መሆኑን የሚናገር ትልቅ ጽሑፍ ነበረበት። የመጡት ሰውዬ በአስተርጓሚ ንግግር አደረጉ፤ በደል የደረሰበት ሰው ቢጽፍላቸው እንደሚያነቡለት ተናገሩ። ብዙ ሰው አጨበጨበና ለስላሳ መጠጡን ጠጥቶ ሄደ። እኔ ግን በአደባባይ የተነገረ ቃል ውል ነው ብዬ ያዝኩት። በሁለቱ መደርደሪያዎች ላይ ያሉትን መጻሕፍት በሙሉ አንብቤ ጨረስኩ። በዚያች አገር ሕግ ማንም ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ታስሮ መቆየት እንደሌለበት የተረዳሁት ከዚያ ክብ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የኔታ የዜማ መምህር ነበሩ። ጉባኤያቸው ወደ ወግዲ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብላ ባለች ደብር ውስጥ ነው፤ ሃያ ሁለት ተማሪዎች ነበሯቸው። አባቴን አስተምረዋል፤ እኔም ውዳሴ ማርያም ዜማ እስከምጀምር ድረስ ከእግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። ከዚያ ወዲያ አልገፋሁም። «አንተ ልጅ፣ ድምፅህ የፍየል ነው» ይሉኝ ነበር፤ «እጅህ ግን የጸሐፊ ነው። ሂድ፣ ጻፍ።» የጎጆው ተማሪዎች እየሳቁብኝ ወደ አስኳላ ዞርኩ። የኔታ የሚያፍናቸው የደረት ሕመም ነበረባቸው፤ ሲዘምሩ ግን አይሰማቸውም፤ ሲያወሩ ብቻ ነበር የሚያስላቸው።

በሰኔ ወር ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በደብሩ ሲያልፉ ተርበው ነበርና የኔታ ከተማሪዎቹ ዳቦ ከፍለው አበሏቸው። በዚያ ግቢ ደጀ ሰላም የገባ ሁሉ ይበላል፤ ስሙ አይጠየቅም። በሦስተኛው ቀን ሌሎች ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጡ። የበሉት እነማን እንደሆኑ ጠየቁ።

«እንግዳ ስሙ ይጠየቃል እንዴ?» አሉ የኔታ።

ይዘዋቸው ሄዱ። ይህን የነገረን እዚያው አጠገባቸው ቆሞ የነበረው ትልቁ ተማሪያቸው ነው።

ሦስት ወር አለፈ። የኔታ ከተማ ውስጥ እንደታሰሩ እናውቃለን፤ ስንቅ ይገባላቸዋል፤ ዳኛ ፊት ግን አልቀረቡም። ሦስት ማመልከቻዎች ጻፍኩ፤ ሦስቱም ግልባጭ ነበራቸው። ተቀብሎ ማኅተም የሚያሳርፍባቸው ጠፋ። ስንቅ አቀባዮቹ ሳላቸው ከግንቡ ውጭ ይሰማል ይሉ ጀመር። ልመናችን አንድ ነበር፤ ይፈቱ እንኳ አላልንም። ዳኛ ፊት ይቅረቡ፤ ጥፋት ካለ ይነገር።

በመስከረም መጨረሻ፣ በዕለተ ሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት ተሰበሰብን። የማኅበሩ መሪ በእኛ አጠራር ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ በነገር ግን የማይረቱ ሰው ናቸው።

«ለማን ነው የምትጽፈው፣ ጸሐፌ ትእዛዝ?» አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚቀልዱብኝ በዚህ ማዕረግ ነው።

የአገሪቱን ስም ነገርኳቸው።

«ፈረንጅ ነው?»

«አዎ፣ አያ ሙሴ።»

«ያ መቅደላ የመጣው?»

«አይደለም፤ ይኼኛው ሌላ አገር ነው።»

«እሱም ፈረንጅ፣ ይኼም ፈረንጅ።» የያዙትን ጠላ አስቀመጡ። «የመቅደላው እኮ እስረኛ ላስፈታ ብሎ ነው የመጣው። የገዛ ሰዎቹ ታስረውበት። አስፈታም፤ በዚህ አልዋሸም። ሲመለስ መጻሕፍታችንን በዝሆን ጭኖ ሄደ። ለራሱ እስረኛ ዝሆን የሚያመጣ ሰው ለየኔታ ምን ሊያመጣላቸው ነው? በቅሎ?»

ሰንበቴ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። ተነሥቼ ያነበብኩትን አስረዳሁ፤ እነዚህ ሰዎች ነጻነትን በሕጋቸው እንደጻፉ፣ የጻፉትም ለሰው ልጅ ሁሉ እንደሆነ ተናገርኩ።

«ለሰው ሁሉ ጻፉ?» አሉ ሙሴ። «እሺ። ለሰው ሁሉ የሚፈርደው ዳኛስ የት ይቀመጣል?»

ጥያቄውን እንደ ቀልድ ቆጥሬ አለፍኩት።

የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተም የሚይዙት ቄሰ ገበዙ ለዘብ ያለ ሐሳብ አመጡ። «ልጄ፣ የደብሩ ምእመናን ብለን እንጻፍና ማኅተሙን እንምታበት። ይበቃል። የየሰዉ ስም ምን ያደርጋል?»

«አባ፣ ስም የሌለው አቤቱታ አሉባልታ ነው» አልኳቸው። «የሚያነቡት ሕግ አዋቂዎች ናቸው። ማን እንደሚናገር ሳያውቁ እንዴት ይሰሙናል?»

ዛሬ ያንን ሰዓት ሳስበው፣ ሁሉም ነገር ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ቄሰ ገበዙ «እንዳልክ ይሁን» አሉ። ያፈሩ መሰለኝ። አገራችን ለፊደል ያላት አክብሮት ነው ያሸነፋቸው። እኔም በአክብሮቱ ተጠቀምኩ። ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ አውራ ጣት። ቅደም ተከተሉን በማዕረግና በዕድሜ አደረግሁት፤ አሥሩ ካህናት በፊት፣ ቀጥሎ ሙሴ፣ ከዚያ ምእመናን፣ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው።

የቀለሙን ሳጥን ከጠረጴዛዬ ይዤ መጥቼ ነበር። የአንዳንዶቹ ጣት በሥራ ተልጦ አሻራ አልወጣው አለ። «ጣቴ እንኳ ፈርቶ ተሸሸገ» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ደግመው ተጫኑት። ከደብሩ ሥር ከሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሁለቱ መጥተው ነበር። አንደኛው ገና ሳልጠይቀው ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። «ወላሂ፣ እኔ ንጋትን የማውቀው በየኔታ ድምፅ ነው። ከሰኔ ወዲህ አርፍጄ ነው የምነሣው። ጻፈኝ።» ሙሴም ፈረሙ። «ስንተኛ ነኝ?» ብለው ጠየቁ። «አሥራ አንደኛ» አልኳቸው። «ካህን ባለመሆኔ ኋላ ቀረሁ» ብለው ሳቁ።

ሁሉም ከፈረመ በኋላ እጄ በልማዱ ወደ ግርጌው ሄደ። «ግልባጭ» የሚለውን ቃል ሊጽፍ ሲል ያዝኩት። ሹምን የሚያስፈራው ምስክር ነው፤ ለነጻነት አገር ግን ምን ምስክር ያስፈልጋታል? ግርጌውን ባዶ ተውኩት። የእምነቴ መግለጫ ያ ባዶ ቦታ ነበር።

አዲስ አበባ ድረስ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ኤምባሲው በር ላይ ካለች መስኮት ሰጠሁ፤ ደረሰኝ ተቀበልኩ። የተቀበለኝ ዘበኛ እንኳ በትሕትና አናገረኝ።

መልሱ በኅዳር መጀመሪያ በአደራ ደብዳቤ ደረሰኝ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ አማርኛው ከእኔ አማርኛ አያንስም። በሚቀጥለው ሰንበት በዚያው ሰንበቴ ቤት፣ ከዚያው ሕዝብ ፊት ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ጉዳዩን በጥልቅ ትኩረት እንደሚከታተሉት፣ ነጻነትና የሕግ የበላይነት የአገራቸው ጽኑ እምነት እንደሆነ፣ የፈራሚዎቹን ድፍረት እንደሚያደንቁ ይናገራል። ከኋላ የቆሙ አንዲት እናት እልል አሉ። ቄሰ ገበዙ አማተቡ።

«ጨረስክ?» አሉኝ ሙሴ።

«ጨረስኩ፣ አያ ሙሴ።»

«ከታች ያለችውስ ቁራጭ?»

«የቷ?»

«ፊደል ባላውቅ ጽሑፍ የት እንደሚያልቅ አያለሁ። አንተ ያቆምከው ከላይ ነው፤ እሷ ገና አላለቀችም።»

ተመለከትኩ። ከፊርማው በታች፣ አነስ ባሉ ፊደላት፣ በእኛው አገር የደብዳቤ ሥርዓት፣ እንዲህ ይላል፤ አባሪ፣ ስድስት ገጽ። ግልባጭ። ከግልባጩ ቀጥሎ ያለው ስም የኔታ ከታሰሩበት ቤት በላይ ያለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ስድስቱን ገጽ አውቃቸዋለሁ። ሁለቱ አቤቱታ፣ አራቱ ስም ናቸው።

አነበብኩላቸው። እልል ያሉት እናት፣ «ግልባጭ ምንድን ነው?» ብለው በዙሪያቸው ያሉትን ጠየቁ።

«ስማችን ቀድሞን ሄዷል ማለት ነው» አሉ ሙሴ።

በማግስቱ ስልክ ደወልኩ። የመለሰችልኝ የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ጨዋ ነው። ስማቸው ለምን ተላለፈ ብዬ ጠየቅኋት።

«ወንድሜ፣ አሠራራችን እንዲህ ነው» አለችኝ። «የቀረበልንን ጉዳይ ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን። ይኼ እኮ ድጋፍ ነው።»

«ስማቸውን ጭምር?»

«ስም ካልሰጠን ስለ ማን ብለን እንጠይቃለን? እናንተው ናችሁ እኮ አሟልታችሁ የጻፋችሁት።»

«ከዚህ በኋላስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«በትኩረት እንከታተላለን።»

አመስግኛት ስልኩን ዘጋሁ። ማመስገኔ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በዚያው ሳምንት፣ የዚያች አገር ልዑክ መጥቶ ስለ ጸጥታ ትብብር መነጋገሩንና ሁለቱም ወገን በውይይቱ መደሰቱን ሬዲዮ ተናገረ። ያን ጊዜ መጻሕፍቱን እንደገና ልመረምራቸው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ውሸት ፈለግሁባቸው፤ አላገኘሁም። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። በዚያች አገር ሰው በእርግጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ጋዜጣ በእርግጥ ይጽፋል፤ ድሃ በእርግጥ ሹምን ይከሳል። ይህ ሁሉ ግን በወሰናቸው ውስጥ የሚኖር ነው። ወሰናቸውን ሲሻገሩ ሌላ መዝገብ ይከፍታሉ፤ በዚያ መዝገብ ላይ ወዳጅ መንግሥትና ጠላት መንግሥት አለ እንጂ የታሰረ የዜማ መምህር የለም። ነጻነትን የሚናገሩት በአንድ አፍ ነው፤ የውጭ ጉዳይን የሚሠሩት በሌላ እጅ ነው፤ እጁ አፉን አያውቀውም። ቢዋሹ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ውሸታምን ሰው ይጠነቀቀዋል፤ በቤቱ እውነተኛ የሆነን ሰው ግን በአደባባይም ያምነዋል። የሙሴ ጥያቄ ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለሰው ሁሉ የተጻፈ ሕግ ለሰው ሁሉ የሚፈርድ ዳኛ ከሌለው በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው።

ጥሪው በሁለተኛው ሳምንት ተጀመረ። በተራ ቁጥር ነው የሚጠሩት። አንደኛው ሄዱ፤ ሁለተኛው፤ ሦስተኛው። ዝርዝሩ የተሟላ ስለነበር ማንን የት እንደሚያገኙ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። የመንደሩም ሰው ተራውን አወቀ። ዐሥሩ ካህናት ሲጠሩ በደብሩ ቀዳሽ ጠፍቶ አንድ ሰንበት ያለ ቅዳሴ አለፈ።

ካህናቱ ተጠርተው ሳያልቁ ሙሴን እርሻቸው ላይ ሄጄ አገኘኋቸው። ገብስ ያጭዳሉ።

«ማንኛው ላይ ደረሱ?» አሉኝ ማጨዳቸውን ሳያቆሙ።

«ስምንተኛው ላይ።»

«ሁለት ሰው ቀርቶኛል። አብሽር፣ ገብሱን አጭጄ እከምረዋለሁ። ወቂያው ላይ ግን አልደርስም።»

«አያ ሙሴ፣ ይማሩኝ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «እኔም ጣቴን ነክሬያለሁ። ማንም ይዞ አልነከረኝም።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ብቻ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ በቅሎዋ መጣች እኮ። የተጫንባት እኛ ሆንን እንጂ።»

ከምረው ሄዱ። ገብሱን የወቃው ልጃቸው ነው።

የእኔ ተራ ሠላሳ አንደኛ ነበር። ያነጋገረኝ ሰው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። አልጮኸብኝም፤ ወንበርም ሰጠኝ። በጠረጴዛው ላይ አራቱ ገጾቼ ነበሩ፤ በየስሙ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጎባቸዋል።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«እጅህ ግሩም ነው» አለኝ። «እንዲህ ተሟልቶ የመጣ ዝርዝር አይተን አናውቅም። ሥራ አቀለልክልን።»

በዚያው ቀን ለቀቀኝ። የተነሣሁበትን ጉዳይ ጠየቅሁት፤ የየኔታን።

«እሳቸው ተዛውረዋል» አለ። «ጉዳያቸው ከእኛ አቅም በላይ ሆነ። የውጭ መንግሥት ጠይቆባቸዋል፤ የውጭ መንግሥት የሚጠይቅበት ሰው ቀላል ሰው አይደለም።»

ወዴት እንደተዛወሩ አልነገረኝም። ስንቅ የሚያደርሱት ተማሪዎች ከዚያ ወዲያ አገልግላቸውን እንደያዙ ይመለሱ ጀመር፤ ጥር ሲጋመስ አንድ በአንድ ተበተኑ። ግንቦት ላይ ከእስር የተፈታ አንድ የማሻ አገር ሰው በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝና ነገረኝ። በሩቅ ቦታ አንድ ክፍል ውስጥ ከየኔታ ጋር ነበር። ሳላቸው በዐቢይ ጾም ጸናባቸው፤ ሆሳዕና ሳይደርስ አረፉ። ዳኛ ፊት አልቀረቡም። የት እንደተቀበሩ አያውቅም።

ለኤምባሲው ሁለተኛ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ይህንንም የጻፍኩት ለማንም አድራሻ አይደለም። የጎደለውን ግን መዝግቤ ላስቀምጥ።

የፈረሙ፣ ሠላሳ አንድ።

የተጠሩ፣ ሠላሳ አንድ።

በዚያው ቀን የተመለሱ፣ አሥራ ሰባት።

ዘግይተው የተመለሱ፣ አሥራ አንድ።

ሙሴን ጨምሮ እስከ ዛሬ ያልተመለሱ፣ ሦስት።

የተበተኑ የዜማ ተማሪዎች፣ ሃያ ሁለት።

መምህር፣ አንድ።